የኅዳሩ ማእረር ባለቤት ይሻል

ኅዳር ሲገባ በዋግ ኽምራ ዞን በሰቆጣ ዙሪያ ያለ ገበሬ ቤቱ አይገኝም። ደጋው ላይ ገብስና ስንዴው፣ ወይና ደጋው ላይ ጤፉ ይታጨዳል። ወደ ተከዜ በረሃ ወረድ ሲባል ልጆች ማማ ላይ ወጥተው ወንጭፍ እያጮሁ ማሽላውን ከወፍ ይጠብቃሉ። አውድማው ተጠርጎ በእበት ይለቀለቃል፤ ነዶው ይበተናል፤ በሬዎቹ እየዞሩ ያበራዩታል። ነፋስ ሲነሣ ጎልማሶቹ በመንሽ ያነሡታል፤ ገለባው ወዲያ፣ ፍሬው ወዲህ ይወድቃል። እህሉ ተሰፍሮ ጎተራ እስኪገባ ድረስ ግን «ዘንድሮስ ተረፍን» ብሎ ደፍሮ የሚናገር የለም። ድርቅ፣ አንበጣና ያለ ወቅቱ የሚመጣ ዝናብ ደጋግሞ ያስተማረው ሕዝብ ነው።

ከተከዜ ማዶ፣ በሰሜንና በጎንደር መንደሮች፣ ይህ ወቅት የራሱ በዓል ነበረው። በዓሉ ማእረር ይባላል፤ የመከር በዓል ማለት ነው። ባለቤቶቹ ቤተ እስራኤል፣ ማለትም የኢትዮጵያ አይሁዳውያን ነበሩ። ይህን በዓል ከሌላው ዓለም አይሁዳውያን በዓል ልዩ የሚያደርገው በዓመት ሁለት ጊዜ መከበሩ ነው፤ አንዱ ኦሪት ባዘዘችው ወር፣ ሌላው የኢትዮጵያ እህል በሚሰበሰብበት ወር። የመጀመሪያው ዛሬም ከእስራኤል ሕዝብ በዓል ጋር ተዋህዶ ይኖራል። ሁለተኛው፣ የኅዳሩ፣ ከገበሬዎቹ ጋር ከአገር ከወጣ በኋላ የሚያነሣው ጠፍቷል። የዚህ ጽሑፍ አቋም የኅዳሩን ማእረር መዝግቦ የማቆየቱ ኃላፊነት የተወለደበት ምድር፣ ከሁሉ አስቀድሞም የአማራ ክልል ነው የሚል ነው። ሰቆጣም በዚህ ሥራ ውስጥ ከሚታሰበው የበለጠ ድርሻ አላት።

ነገሩ የሚጀምረው ከቀን አቆጣጠር ነው። በእስራኤል ምድር ዝናቡ የሚዘንበው በክረምታቸው፣ ከጥቅምት እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ነው። ስለዚህ ገብሱ በፋሲካ ሰሞን ይደርሳል፤ ስንዴው ደግሞ ከሰባት ሳምንት በኋላ። ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 23 ላይ ሰባት ሱባኤ ተቆጥሮ በኀምሳኛው ቀን የመከር በዓል እንዲከበር፣ ከአዲሱ እህል የተጋገረ ኅብስትም እንዲቀርብ የታዘዘው ይህንኑ ተከትሎ ነው። ቆጠራው ከሰንበት በኋላ ባለው ቀን እንዲጀመር ታዟል። የትኛው ሰንበት? ሁለት ሺህ ዓመት የዘለቀው ክርክር እዚህ ላይ ነው። የአይሁድ ረቢዎች ሰንበት የተባለው የፋሲካ የመጀመሪያ ቀን ነው ብለው ከመጀመሪያው ወር፣ ከኒሳን 16 ይቆጥራሉ፤ በዓሉም በሦስተኛው ወር፣ በሲቫን 6 ይውላል። ሳምራውያን ሰንበትን ቅዳሜ አድርገው ስለሚወስዱ በዓላቸው ሁልጊዜ እሑድ ነው። ቤተ እስራኤል ደግሞ ሰባቱ የቂጣ ቀናት ካለቁ በኋላ፣ ከወሩ 22 ጀምሮ ይቆጥራሉ። ኒሳን 30፣ ተከታዩ ወር 29 ቀን ስለሆነ ኀምሳኛው ቀን በሦስተኛው ወር 12ኛ ቀን ላይ ያርፋል።

ከዚህ ሁሉ የሚለየው መጽሐፈ ኩፋሌ ነው። ሙሉ ቅጂው በግዕዝ ብቻ የተረፈው ይህ መጽሐፍ በዓሉን በሦስተኛው ወር አጋማሽ ያደርገዋል፤ ከኖኅ ቃል ኪዳን ጋርም ያያይዘዋል። የዕብራይስጡ ቁርጥራጮች እ.ኤ.አ. ከ1947 ጀምሮ በሙት ባሕር አጠገብ ከተገኙት ጥቅልሎች መካከል ናቸው። ቤተ እስራኤል ኩፋሌን በቅዱሳን መጻሕፍታቸው ቢያከብሩም በዚህ በዓል ግን የራሳቸውን ቁጥር ይዘው ኖረዋል። በአውሮፓ ተጓዦችና በአንዳንድ ረቢዎች ዘንድ ይህ ከዋናው ሃይማኖት የራቀ ሰው ስሕተት ተደርጎ የታየበት ጊዜ ነበር። ከላይ ያለው ስሌት የሚያሳየው ግን ራሱን የቻለ፣ ከጥንት ጀምሮ ሊነበብ ከሚችልባቸው መንገዶች አንዱ የሆነ የሕግ ንባብ መሆኑን ነው።

ሦስተኛው ወር በእኛ አቆጣጠር ከግንቦት አጋማሽ እስከ ሰኔ አጋማሽ ይውላል። ይህን ጊዜ የዋግ ገበሬ አሳምሮ ያውቀዋል። ማሳው ታርሶ ዝናብ ይጠበቃል፤ የጎተራው ወለል ይታያል፤ ዘር ከአፍ ተነጥቆ የሚቀመጥበት ወር ነው። በዚህ ወቅት የመከር በዓል ማክበር በሕግ ትክክል ቢሆንም ለዓይን እንግዳ ነው። ቤተ እስራኤል ያገኙት መፍትሔ የሚደነቅ ነው። ኦሪት ያለችውን ቀን አልሻሩም። በሦስተኛው ወር ማእረርን አከበሩ። ከዚያም በሰባተኛው ወር የሚውለው በዓለ መጸለት፣ ማለትም የዳስ በዓል፣ ሲያልቅ እንደ ፋሲካው ሁሉ ሰባት ሱባኤ ቆጥረው በዘጠነኛው ወር 12ኛ ቀን ሁለተኛ ማእረር አደረጉ። ዘጠነኛው ወር በጨረቃ አቆጣጠር ስለሚዋልል ቀኑ ከኅዳር መጀመሪያ እስከ ታኅሣሥ መጀመሪያ ባለው ጊዜ ውስጥ ይወድቃል፤ ጤፉ አውድማ ላይ ባለበት ጊዜ ማለት ነው። የወሩ 12ኛ ቀንም በየወሩ የማእረር መታሰቢያ ሆኖ ይውላል፤ 10ኛው የአስተሥርዮ (የስርየት ቀን)፣ 15ኛው የፋሲካና የመጸለት መታሰቢያ እንደሆነው ሁሉ። በየወሩ 12 ሚካኤልን፣ 21 ማርያምን፣ 29 በዓለ ወልድን ለሚያከብር የሰቆጣ ክርስቲያን ይህ አሠራር እንግዳ ነገር አይደለም።

በዓሉ እንዴት ይከበር ነበር? ቤተ እስራኤል መስጊድ ብለው በሚጠሩት የጸሎት ቤት ቄሶቹ በግዕዝ ይጸልያሉ፤ ምእመናኑ ከአዲሱ እህል የተዘጋጀ ዳቦና ጠላ ይዘው ይመጣሉ፤ ቄሱ ይባርካል፤ ሁሉም በአንድነት ይካፈላል። የእህል በኩራት ለቄስ መስጠት የኦሪት ግዴታ ስለሆነ ገበሬው አዲሱን ምርት እንደልቡ ከመጠቀሙ በፊት ድርሻውን ያቀርባል። በዓለ መጸለትም የራሱ መልክ ነበረው። የሌላ አገር አይሁዳውያን በዚያ በዓል ዳስ ሠርተው ሰባት ቀን ሲቀመጡ ቤተ እስራኤል ዳስ የመጣል ልማድ አልነበራቸውም። ምክንያቱን የተጠየቁ ሽማግሌዎች ድሮም የምንኖረው በጎጆ ነው የሚል መልስ መስጠታቸው በተጓዦች ተጽፏል። መልሱ ቀልድ ቢመስልም ሕግን ከኑሮ ጋር የማስታረቅ ያው ችሎታ ይታይበታል።

ይህን ሁሉ የምናውቀው ጥቂት ሰዎች ስለጻፉት ነው። ዮሴፍ ሃሌቪ እ.ኤ.አ. በ1867ና በ1868፣ ዣክ ፋይትሎቪች ከ1904 ጀምሮ ወደ ኢትዮጵያ መጥተዋል። ቮልፍ ሌስላው በ1951 የቤተ እስራኤልን ጽሑፎች በእንግሊዝኛ ተርጉሞ ሲያሳትም በመግቢያው የበዓላቱን ቀንና ሥርዓት ዘርዝሯል። ኬይ ካውፍማን ሸለመይ ዜማቸውን መዝግባ በ1986 መጽሐፍ አውጥታለች። ሁሉም የውጭ ሰዎች ናቸው። በአማርኛ፣ ለአማርኛ አንባቢ፣ የማእረርን ሥርዓት ከሽማግሌ አፍ ተቀብሎ በዝርዝር የሚያቀርብ ሥራ ለማግኘት የሚቸገረው አንባቢ ብዙ ነው። ሌስላው ባሳተመበት ዘመን በየመንደሩ በዓሉን የሚያከብሩ ገበሬዎች ነበሩ፤ ከጎንደር ከተማ የአንድ ቀን መንገድ ሄዶ መጠየቅ ይቻል ነበር። ያ ዕድል ሳይሠራበት አለፈ።

ስለ ማእረር ሲወራ የመሬቱን ነገር ሳያነሡ ማለፍ ግን ታሪክን ማስዋብ ይሆናል። በትውፊት እንደሚነገረው በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የነገሠው ዐፄ ይስሐቅ የተጠመቀ ርስት ይውረስ፣ ያልተጠመቀ ግን ርስት አልባ ይሁን የሚል አዋጅ አውጥቷል። አዋጁ በዚያ መልክ ወጣም አልወጣ ውጤቱ ግልጽ ነው። ብዙው ቤተ እስራኤል የሌላውን ርስት እያረሰ ከምርቱ ድርሻ የሚከፍል ጭሰኛ ሆኖ ኖሯል፤ ኑሮውን ለመደጎምም ብረት ቀጥቅጧል፣ ሸክላ ሠርቷል፣ ሸማ ሠርቷል። ለዚያ ሙያው ከጎረቤቱ ያገኘው ክፍያ ብዙ ጊዜ «ቡዳ» የሚል ስም ነበር። ማረሻውን የሠራለትን ሰው ዓይኑን የሚፈራ ገበሬ በደጋው ሁሉ ነበር። እንግዲህ የኅዳሩ ማእረር ከዚህ አንጻር ሲታይ የርስት ባለቤት ያልሆነ ሕዝብ ለዝናቡና ለፍሬው ፈጣሪን ያመሰገነበት ቀን ነው፤ ከተመሰገነበት እህል ላይ የባለርስቱ ድርሻ ከአውድማው ተሰፍሮ የሚሄድበት ቀንም ነው። መሬት ለአራሹ የሆነበት የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ በሕግ ደረጃ ከሌላው ገበሬ እኩል አደረጋቸው። ይሁን እንጂ በየመንደሩ አዋጁን የሚቃወመው ብዙ ስለነበር እኩልነቱን በእጅ መጨበጥ ቀላል አልሆነም። ብዙም ሳይቆይ የስደቱ ዘመን መጣ።

ስደቱ እንዴት እንደነበር የሚታወስ ነው። በረሃብና በጦርነት መካከል ብዙ ሺህ ሰው በእግሩ ሱዳን ገባ፤ በርካቶች በመንገድና በመጠለያ ቀሩ፤ የተረፉት በ1977 ዓ.ም. በዘመቻ ሙሴ ወደ እስራኤል ተወሰዱ። ከስድስት ዓመት በኋላ፣ ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም.፣ ከአዲስ አበባ በ36 ሰዓት ገደማ ከ14 ሺህ በላይ ሰዎች በዘመቻ ሰሎሞን በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ተጓዙ። የዘመቻ ሰሎሞን ሁለተኛ ቀን በአይሁድ የጨረቃ አቆጣጠር ሲሰላ ሲቫን 12 ነበር፤ ቤተ እስራኤል የመጀመሪያውን ማእረር የሚያከብሩበት ቁጥር። የመከር በዓላቸውን ሲሰደዱ አሳልፈዋል ማለት ነው።

እስራኤል ከደረሱ በኋላ የሆነው የሚጠበቅ ነው። አዲሱ ትውልድ ከአገሩ ጋር አብሮ በሲቫን 6 ማክበር ጀመረ። ኅዳር ላይ ማክበር ደግሞ ትርጉም አጣ፤ እዚያ በኅዳር የሚዘራ እንጂ የሚታጨድ እህል የለም። ስግድ የተባለው ሌላው በዓላቸው ግን ተረፈ። ከአስተሥርዮ በኋላ በኀምሳኛው ቀን፣ በስምንተኛው ወር 29 የሚውለው ስግድ ከአውድማ ጋር የታሰረ ስላልሆነ የትም ሊሄድ ይችላል። በጎንደር አቅራቢያ በአምቦበር ሕዝቡ እየጾመ፣ ድንጋይ በራሱ ተሸክሞ ተራራ ይወጣ ነበር፤ ዛሬ በኢየሩሳሌም በሺዎች ይሰበሰባሉ። እ.ኤ.አ. በ2008 የእስራኤል ምክር ቤት ስግድን በሕግ ብሔራዊ በዓል አድርጎታል። ስለዚህ ስለ ስግድ መጠበቅ መጨነቅ አያስፈልግም፤ ጠባቂ መንግሥት አለው። የኅዳሩ ማእረር ጠባቂ ግን እስራኤል ልትሆን አትችልም። ያ በዓል የተሠራው ለሰኔ ዝናብና ለኅዳር አጨዳ ነው። በጎንደርና በአዲስ አበባ ጉዞ እየጠበቁ ያሉት ማኅበረሰቦችም ቢሆኑ የሚከተሉት የእስራኤሉን የረቢዎች ሥርዓት ስለሆነ ሁለተኛውን ማእረር ከእነሱ መጠበቅ አይቻልም።

ይህ ጉዳይ ሰቆጣን ለምን ይመለከታታል? አንደኛው ምክንያት ቋንቋ ነው። የዋግ ኽምራ ሕዝብ ቋንቋ ኽምጥኛ ከአገው ቋንቋዎች አንዱ ነው። የቤተ እስራኤል ጸሎት በአብዛኛው ግዕዝ ቢሆንም በመካከሉ የአገው ቋንቋ ክፍሎች አሉበት፤ የኋለኞቹ ቄሶች ትርጉሙን ሳያውቁ በቃል ሲያወርሱት ኖረዋል። የቋንቋ ሊቁ ዴቪድ አፕልያርድ የኽምጥኛን ሰዋስው ያጠናውን ያህል እነዚህንም የአገው ጸሎቶች አጥንቷል፤ ሁለቱ ሥራዎች በአንድ ሰው እጅ የተገናኙት ዝምድናው ስላለ ነው። የሰቆጣ ልጅ በትምህርት ቤት የሚማርበት ቋንቋ የእነዚያ ጸሎቶች የቅርብ ዘመድ ነው። ኽምጥኛ የሚናገር ተመራማሪ ከእንግሊዛዊ ሊቅ ያነሰ ነገር አይሰማም፤ ምናልባትም የበለጠ ይሰማል።

ሁለተኛው ምክንያት ዋግ ራሷ በበዓል አያያዝ ያላት ልምድ ነው። ሻደይ በየዓመቱ ከነሐሴ 16 ጀምሮ ይከበራል። ልጃገረዶች ሻደይ የተባለውን ቅጠል ወገባቸው ላይ አስረው ይጫወታሉ። በዓሉ ከፍልሰታ ጋር የተያያዘ ነው፤ ከመጽሐፈ መሳፍንት የዮፍታሔ ልጅ ታሪክ ጋር የሚያገናኙትም አሉ። ከሃምሳ ዓመት በፊት የመንደር ጨዋታ ተብሎ ይታለፍ የነበረው ሻደይ ዛሬ አደባባይ ወጥቷል፤ ባለሥልጣናት ይገኙበታል፤ ካሜራ ይከተለዋል። ዞኑ በዓልን ከመንደር ወደ አደባባይ ማምጣት ይችላል ማለት ነው። ሻደይ ግን የልምላሜ በዓል ነው፤ እህሉ ገና ቡቃያ ሳለ የሚውል። የአጨዳው ወር ይህን የሚመጥን የጋራ ምስጋና የለውም።

ሦስተኛው ምክንያት የሰቆጣ ስም ነው። በ1977ቱ ረሃብ ከተጎዱት አካባቢዎች አንዷ በመሆኗ መንግሥት በ2007 ዓ.ም. ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ለማስቀረት የገባውን ቃል የሰቆጣ ቃል ኪዳን ብሎ ሰየመው። ዓላማው መልካም ነው፤ ስያሜው ግን ከተማይቱን ከረሃብ ጋር አጣብቆ ቀረ። ከዚያ በኋላ የመጣው ጦርነትና ድርቅ ደግሞ ይህን ስም አጠናከረው። ዋግ የእህልን ዋጋ ከማንም በላይ የሚያውቅ ሕዝብ ነው፤ ስለ መከር በዓል የሚደረግ ጥናትና ውይይት ቢጀመር ከዚህ የተሻለ ቦታ የለውም።

የሚነሡ ተቃውሞዎች አሉ። የሌላ ሃይማኖት በዓል ለኦርቶዶክሳዊው ለሰቆጣ ሕዝብ ምኑ ነው የሚለው የመጀመሪያው ነው። መልሱ ቀላል ነው፤ መመዝገብና ማክበር ይለያያሉ። ማንም የሰቆጣ ገበሬ ማእረርን ያክብር አልተባለም። ቤተ ክርስቲያንም ብትሆን ኩፋሌን በግዕዝ ጠብቃ ያቆየችው የአይሁድ መጽሐፍ ነው ብላ ሳትጥል ነው። ሁለተኛው ተቃውሞ የበለጠ ይከብዳል፤ ርስት የከለከልናቸውና «ቡዳ» ያልናቸው ሰዎች ከሄዱ በኋላ በዓላቸውን የእኛ ቅርስ ማለት ነውር አይደለም ወይ የሚል ነው። ነውር የሚሆነው የመሬቱንና የስሙን ታሪክ ደብቆ በዓሉን ብቻ ለቱሪስት ማሳየት ነው። ሁለቱ አብረው ከተጻፉ ግን ሥራው የጥፋት ማመንም ይሆናል። ሦስተኛው፣ በጦርነትና በድርቅ የደቀቀ ዞን ለበዓል ምን ትርፍ ገንዘብ አለው የሚል ነው። እውነት ነው፤ ስለዚህ ከታች የቀረበው ሐሳብ ሐውልትም ሙዚየምም አይጠይቅም።

የሚያስፈልገው ሰው ነው። ማእረርን በአውድማ ያከበሩ ቄሶችና ሽማግሌዎች ዛሬ በእስራኤል የሚኖሩ አዛውንት ናቸው፤ በ1977 ዓ.ም. ሃያ ዓመት የሞላው ሰው ስድሳውን አልፏል፤ ያኔ ቄስ የነበረ ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የቤተ እስራኤል መንደሮች በነበሩበት ምድር ላይ ተቀምጧል፤ ጥያቄ አዘጋጅቶ በስልክና በቪዲዮ ድምፃቸውን መቅዳት ይችላል። የዋግ ኽምራ ዞን የባህልና ቱሪዝም መሥሪያ ቤት ኽምጥኛ ተናጋሪ ባለሙያዎችን ለአገውኛው ጸሎት ክፍል ሊመድብ ይችላል። በክልሉ መገናኛ ብዙኃን የኽምጥኛ ሥርጭትም የሚሰበሰበውን ነገር ወደ አድማጭ ለማድረስ በር አለ። በተመሳሳይ ጊዜ በጎንደርና በሰሜን የቀሩት ክርስቲያን ጎረቤቶች መጠየቅ አለባቸው፤ በኅዳር የማን ዳቦ ወደ ማን ቤት ይሄድ እንደነበር፣ ጭሰኛውና ባለርስቱ በአውድማ ላይ ምን ይባባሉ እንደነበር እነሱም ያስታውሳሉ።

ለሽማግሌዎቹ የሚቀርቡት ጥያቄዎች ተራ ናቸው። የኅዳሩ ማእረር ሲቃረብ ቀኑን ለመንደሩ የሚያውጀው ማን ነበር? ጨረቃዋ ካልታየችስ? ጤፉ ባይደርስ በዓሉ ይቆይ ነበር ወይስ በተቆጠረው ቀን ይውላል? ዳቦው ከየትኛው እህል ነበር፤ ድርቅ በመታበት ዓመትስ ምን ቀረበ? ሴቶች የሚጋግሩት ከመስጊዱ ግቢ ውስጥ ነበር ወይስ ውጭ? የባለርስቱ ድርሻ ከመባረኩ በፊት ይወጣ ነበር ወይስ በኋላ? እነዚህን በአማርኛና በትግርኛ ጽፎ፣ ለአገውኛው ክፍል ኽምጥኛ የሚያውቅ ሰው ጨምሮ፣ ሁለት ባለሙያና አንድ መቅጃ ይዞ ከሚመጣው መከር በፊት ሥራውን መጀመር ይቻላል።